የሳሐም መንገድ፣ ሃምሳ ሎሚ

ቤት ጎማ አበቀለ።
ኸልፋን በፒካፑ ጎትቶ በባሕሩ ዳር አስከተለ፤
ፊት እሱና ሚስቱ፣
ከኋላቸው ልጆቹ ሦስቱ፣
እኔና እናቱ ግን ከተጎታቹ ውስጥ፣
እሷ በትንሿ አልጋ፣ እኔ በበረዶው ሣጥን ላይ ስቀመጥ።
«ክልክል ነው» ቢላት ልጇ፣ «ፖሊስ ያየናል» ቢላት፣
«እንደ ሻንጣ ልጫን» አለችው፣ «ሻንጣን ደግሞ ማን ከለከላት!»

ዙወይና ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሷ እንዳለችው፣
ሳሐም የሎሚ አገር ሳለች ነው የተወለደችው።
ስሜን ትረሳለች፤ ጦይባ መሆኔን ትታ፣
በሞተች እህቷ ስም «ረያ» ትለኛለች ጠዋት ማታ።
መጀመሪያ አርማት ነበር።
ኋላ ተውኩት፤ ለሷ እህት ማግኘት፣ ለኔ ስም መበደር
ምን ያከስረኝ ነበር?

በርካን አለፍን፣ ሱወይቅን፤ በስተቀኝ ባሕሩ፣
በስተግራ ተምር፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ አጥር ያልበገረው ዳሩ፤
ፓፓያው ልጆቹን ካንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣
ሐብሐብ ሻጩ ከክምሩ ጥላ ሥር ተኝቶ፣ ዋጋውን ለዝንብ ጥሎ።
ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል፤
ልጆቹ በቆምንበት ማንጎ ሲመጡ ጭማቂው ክርናቸውን ያልፋል።
አሮጊቷ ግን አታይም። አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አቅንታ፣
«ገና ነን» ትለኛለች፣ ሽታን እንደ ኪሎሜትር ቆጥራ፣ ለክታ።

እዚህ አገር ስመጣ ሁሉን ቃል ከሥሩ ነው የተማርኩት፤
መጥረጊያውን፣ ቁልፉን፣ «ቶሎ»ን፣ በዱላ ቀረሽ ቁጣ ነው የለመድኩት።
አንድ ቃል ብቻ ቀድሞኝ መጥቶ ጓዳ ውስጥ ጠበቀኝ፤
ከሥጋ ጋር የሚፈላ፣ የደረቀ፣ ጥቁር፣ ጠጠር የመሰለኝ።
የኸልፋን ሚስት ጠቁማ «ሉሚ» አለች።
ሎሚ! እዚህም ሎሚ ተባለች!
ሳቄን ያየች ሁሉ ያን ቀን «አበደች» ብላለች።

ደረስን።
ኸልፋን ሞተሩን አጠፋ።
የአባቷ አጥር አለ፣ ጉድጓዱ አለ፤ ዛፉ ነው የጠፋ።
ሰው ጣፋጩን ውኃ በፓምፕ ከሥር ከሥሩ ሲስበው፣
ባሕሩ ውስጥ ለውስጥ መጥቶ ባዶውን ቦታ ወረሰው።
ግንዶቹ ቆመው ደርቀዋል፤ አፈሩ ጨው ለብሷል፣ ነጭቷል፤
የሚስቱ ስልክ «ደርሰዋል» ይላል፤ ካርታ ምን ገዶት፣ ምን ያውቃል።
ኸልፋን ራሱን አከከ።
ከውስጥ፣ ከአልጋዋ፣ ያ ቀጭን ድምፅ ተሰበከ፦
«ረያ፣ ደርሰናል?»

ምን ልበላት?
ከጠባቂው ጎጆ ጀርባ፣ ባንግላዴሹ ሻፊቅ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣
በታጠበበት ውኃ፣ በባልዲ፣ እያጠጣ ያቆመው
አንድ ዛፍ ነበረ። አንድ። አረንጓዴ፣ እሾኸኛ፣
ቁመቱ እኔን የሚያህል፤ ፍሬው ብዙ፣ እሱ ብቸኛ።
ሳንቲም ብዘረጋለት እጁን አወዛወዘ፣ «አልወስድም» አለ፤
ሻርፔን ያዝኩለት፤ እየቆረጠ እስከ ሃምሳ ቆጥሮ ጣለ።

ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ጌጥ ነው ይላሉ ሐርቡ ገበያ፤
እኔ ግን ሸክሙንም ጌጡንም ብቻዬን ይዤ ሮጥኩ ወደዚያ።
አንዱን በጥፍሬ ሰንጥቄ ካፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት።
«ደርሰናል» አልኳት።
ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም፤
ዛፎቹ ከጨለማዋ ውስጥ ተነሡ፣ አንዱም አልቀረም።
ከዚያ እጄን ያዘች፤ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
የኔን ጣት በጣቶቿ ስትዳስስ፣ ስትመረምር፣ ስትመርጥ፣
«ረያ ሎሚ ጠልታ ነው የኖረችው» አለች፤ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»
ስሜን ነገርኳት።
«ጦይባ» አለች፤ «ሳሐም እንኳን ደህና መጣሽ።»

በመልሱ መንገድ፣ ሱወይቅ ሳንደርስ፣ ተመልሼ ረያ ሆንኩ።
አላረምኳትም። አንሶላዋን እስከ ደረቷ ሳብኩ።
አርባ ዘጠኙ ሎሚ ከሻርፔ አምልጠው፣ በወለሉ ተበትነው፣
በየመታጠፊያው ወደሷ፣ ወደኔ፣ ደግሞ ወደሷ ሄደው፣
ኸልፋን ፍሬን በያዘ ቁጥር ከበሩ ሥር ይንጋጋሉ ተገፋፍተው።
ልሰበስባቸው ተነሥቼ ነበር።
ተውኳቸው።